የጓደኛዬን ውርስ ሳጣራ፣ የጀመረቻቸውን ልብሶች ሰፍቼ ላስረክብ ወይስ ጨርቁን ልመልስ?

የልኬት ደብተር (ጠያቂ)

ለመድረኩ አባላት የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አብራኝ ያደገች፣ ደሴ ውስጥ የሴቶች ልብስ ስፌት ሱቅ የነበራት የቅርብ ጓደኛዬ በክረምቱ ማብቂያ ላይ ታማ አርፋለች። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነን፤ ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ የሚሻ ነገር አይደለም። የቀብሩን ጉዳይ ቅሬዋ (እድሯ) ተሸክሞልናል፤ ሰደቃውም በወጉ ወጥቶላታል። ለእኔ የቀረልኝ ሥራ በገዛ እጇ በጻፈችው ኑዛዜ የሰጠችኝ አደራ ነው፤ ንብረቷን አጣርቼ፣ ዕዳዋን ከፍዬ፣ የቀረውን ለሚገባው እንዳስረክብ የኑዛዜ ፈጻሚ አድርጋ ሰይማኛለች። ኑዛዜው ስለ ክፍፍሉ ግን ምንም አይልም። ባሏና ወላጆቿ ቀደም ብለው ስለሞቱ ከቅርብ ዘመድ ያሏት ለአካለ መጠን የደረሰች አንዲት ልጇና የእናትም የአባትም ልጅ የሆነ አንድ ወንድሟ ብቻ ናቸው።

ንብረቱ ብዙ አይደለም። ቤቷ፣ በባንክ ያለ ጥቂት ገንዘብ፣ ገና ያልወጣላት እቁብ፣ የስፌት መኪኖች፣ ከእነዚህም አንዱ ከእናቷ የወረሰችው ጥቁር ሲንጀር የእግር መኪና፣ ካውያና የጨርቅ ጥቅሎች ናቸው። የከበደኝ መደርደሪያው ነው። እያንዳንዱ በፌስታል የተጠቀለለ፣ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት በስፒል የተያያዘበት፣ አንዱ በሳሙና ስባሪ ተሰምሮ የተቆረጠ ብቻ፣ ሌላው እጅጌ የቀረው፣ ሌላው ገበር ያልገባለት፣ ሌላው ጫፉ ያልተዘመዘመ የደንበኞች ልብስ ሞልቶታል። በልኬት ደብተሯ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌና ቁመት ከተጻፈ በኋላ በመጨረሻው ረድፍ የተቀበለችው ቀብድ ሰፍሯል።

ስፌት ሁለታችንም የተማርነው ከእናቷ ዘንድ በዚያው ጥቁር መኪና ላይ ነው። እሷ መተዳደሪያዋ አደረገችው፤ እኔ መምህርት ሆንኩ። ከቀብሯ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ሰው ሲያጽናናኝም ቃሉ ወደ ጆሮዬ አልገባ ሲል፣ ከልጇ ጋር ሱቁን ከፍተን አንድ አረንጓዴ ቀሚስ አወጣን። ግራው እጅጌ ተሰፍቶ አልቋል፤ ቀኙ በነጭ ክር ለጊዜው ብቻ ተይዟል። ጓደኛዬ ግራኝ ነበረች፤ ስለዚህ የማስያዣ ስፌቷ እኛ ከለመድነው በተቃራኒው አቅጣጫ ያዘነብላል፣ ያንን መሥመር በመቶ ቀሚስ መካከል ባየው የእሷ መሆኑን አውቀዋለሁ። እሱን እየተከተልኩ በመኪና ሰፋሁት፤ ከዚያ ነጩን ክር አንድ በአንድ ነቅዬ አወጣሁ። ከሞተች ወዲህ እጄም ልቤም በአንድ ቦታ የዋሉት ያን ቀን ነው። ልጇም አጠገቤ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክል ነበር፤ ስለ እናቷ ሳታለቅስ ያወራችኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው።

የእኔ እምነት፣ ስለ ክፍፍል ከመነሳቱ በፊት የጀመረችው ሥራ ተጨርሶ ለባለቤቶቹ መድረስ አለበት የሚል ነው። ቀብድ የተቀበለችበት ልብስ ዕዳዋ ነው፤ ዕዳዋን በራሷ ሙያ ብከፍልላት አደራዬን በሚገባ የተወጣሁ ይመስለኛል። ሆኖም የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ማድረግ ይፈቀድልኛልን? በተጨማሪም ከመሞቷ ጥቂት ሳምንታት በፊት ጥቁሩ መኪና አብራት ትሠራ ለነበረችው ሠራተኛዋ እንዲሰጥ በእኔና በአንዲት ጎረቤት ፊት በቃል ተናግራለች። ይህ ቃል ዋጋ አለው? ወራሾቹስ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ቢሄዱ ወይም ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቢሄዱ ልዩነት ያመጣል?

ጦሳ ሥር

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በጥብቅና ሙያ ላይ ያለሁ በመሆኔ መጀመሪያ የሕጉን ነገር ላስቀምጥ።

እስካሁን የሚሠራበት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፤ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረግና በቃል የሚደረግ። ጓደኛዎ የተዉት ሁለተኛው ነው። ይህ ኑዛዜ እንዲጸና ሙሉ በሙሉ በእጃቸው የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይም ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። በግልጽ በሚደረገው ኑዛዜ አራት ምስክሮች ያስፈልጋሉ፤ በእጅ በተጻፈው ላይ ግን ምስክር አለመኖሩ አያፈርሰውም። ገጾቹን በጥንቃቄ ይመልከቱና ዋናውን ቅጂ ይዘው ፍርድ ቤት በመቅረብ የአጣሪነት ማረጋገጫዎን ይውሰዱ። ያለዚያ ባንኩም ማዘጋጃ ቤቱም ሊያነጋግርዎት አይገደድም።

የቃል ኑዛዜ ጠባብ ነው። ሁለት ምስክር ይበቃዋል፤ ነገር ግን በቃል መናዘዝ የሚቻለው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ነው። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን የስፌት መኪና ይቅርና የመኪናው እግርም አይገዛበትም። በተጨማሪም የቃል ኑዛዜ ከተነገረ በኋላ ተናዛዡ ሦስት ወር ከቆየ ይሻራል። ስለዚህ መኪናውን ለሠራተኛዋ የሚያደርስላት የሕጉ ግዴታ ሳይሆን የወራሾቹ መልካም ፈቃድ ነው፤ ፈቃዳቸውንም በጽሑፍ ያድርጉት።

አሁን ወደ ልብሶቹ። እርስዎ ዕዳ ብለው የጠሩት በትክክል ዕዳ ነው፤ የሕጉም ቅደም ተከተል ከእርስዎ እምነት ጋር ይስማማል። ከውርሱ ሀብት በቅድሚያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የአስተዳደርና የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ ከዚያም የቀለብ ዕዳ ይከፈላል፤ በኑዛዜ የተሰጠ ስጦታ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ወራሾች የሚካፈሉትም የተረፈውን ነው። ነገር ግን ሌላ ልብስ ከመደርደሪያው ከማውረድዎ በፊት ዝርዝር ይሥሩ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። የደንበኞቹ ጨርቅ የጓደኛዎ ንብረት አይደለም፤ የውርስ ሀብትም አይደለም። የእሷ ንብረት ከሆኑት ጥቅሎች ለይተው፣ ልጇና ወንድሟ ባሉበት በጽሑፍ ያስፍሩ፣ ሁሉም ይፈርሙ። መኪናዎቹንም ቢሆን የሚጠቀሙባቸው ሁለቱ በጽሑፍ ከተስማሙ በኋላ ይሁን። አጣሪ በመጨረሻ ሂሳብ ያስረክባል፤ ዛሬ የሚወዱዎት ሰዎች ነገ ወረቀት ቢጠይቁዎት ቅር እንዳይልዎት አስቀድመው ያዘጋጁላቸው።

ቃሉ

አላህ ይዘንላት፣ ለእናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ። ስለ ሸሪዓው እኔ ልመልስ።

ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ቤተሰቡም ከመነሻው ሊያውቀው ይገባል። በፍትሐ ብሔሩ ልጅ ካለ ወንድም አይወርስም፤ ሁሉም ለልጅቱ ነው። በሸሪዓው ግን ብቸኛ ሴት ልጅ ግማሹን ትወስዳለች፤ ሌላ ባለድርሻ ከሌለ ቀሪውን የእናትም የአባትም ልጅ የሆነው ወንድም ይወስዳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። አንዱ ወገን ካልፈቀደ የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አያየውም። ስለዚህ ልጅቱንም አጎቷንም ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ አስቀምጠው፣ ሁለቱም መንገዶች ምን እንደሚያስከትሉ ነግረው፣ ምርጫውን ለእነሱ ይተዉት። እርስዎ ወደ አንዱ ባያዘነብሉ መልካም ነው፤ ልጅቱን የሚያባብሏት እርስዎ ስለሆኑ ቃልዎ ከባድ ሆኖ ይሰማታል።

በቅደም ተከተሉ ሸሪዓውም አንድ ነው፤ የቀብር ወጪ፣ ዕዳ፣ ወሲያ (ኑዛዜ)፣ ከዚያ ውርስ። ወሲያ ወራሽ ላልሆነ ሰው እስከ ሲሶ ድረስ ይፈቀዳል፤ ሁለት ምስክር ያለው የቃል ወሲያም ተሰሚነት አለው፤ የመኪናው ነገር በዚህ በኩል ሰፊ በር ያገኛል። የሟች ዕዳ ሳይከፈል እንዳይዘገይ ደግሞ ሃይማኖቱ አጥብቆ ያዝዛል። ልብሶቹን መጨረስዎ ለእሷ ነፍስ የሚደረግ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐይቅ ዳር

ሁሉም ስለ ወረቀቱ ጻፈ፤ ወረቀቱም ተገቢ ነው። እኔ ስለ መርፌው ልጻፍ።

ታላቅ እኅቴ ስታርፍ እኔን ያቆመኝ ጥልፍ ነበር። ቀን ሰው ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ይለቀሳል፤ ማታ ግን ቤቱ ጭር ሲል ሐሳብ ብቻ ይቀራል። ያኔ አንድ ነጠላ ጭኔ ላይ ዘርግቼ በጥለቱ ጎን ጎን እጠልፍ ነበር። ጥልፍ የሚቀጥለውን ስፌት ብቻ ይጠይቃል፤ ዓይን እዚያ ላይ ይውላል፣ እስትንፋስም ከእጅ ጋር ይረጋጋል። ደግሞ የተሳሳተው ይተረተራል። በሐዘን ወቅት ወደ ኋላ ተመልሶ የሚስተካከል ነገር እጅ ውስጥ መኖሩ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያየው ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ላሳስብዎ። ልብሶቹን ለመጨረስ አይቸኩሉ፤ ሁሉም ካለቀ በኋላም እጅዎ ባዶ እንዳይቀር የራስዎን ሥራ ከጎን ያስጀምሩ። እኔ የእኅቴን ነጠላ ስጨርስ ሐዘኑ እንደ አዲስ ነው የመጣብኝ፤ ለልጇ ቀሚስ መስፋት ስጀምር ነው መልሶ የቀለለኝ። ልጅቱን ቁልፍ ማስተከልዎን ደግሞ አያቋርጡ።

ቦሩ ሜዳ

በልብስ ሰፊነት ያረጀሁ ሰው ነኝና ከጠበቃው ቀጥሎ የሙያውን ነገር እኔ ልናገር።

ልብሶቹን በሦስት ይለዩአቸው። ተሰፍተው ጫፍ፣ ቁልፍ ወይም ዚፕ የቀራቸውን ያለ ምንም ሐሳብ ይጨርሱ። ለጊዜው በክር የተያዙትን ግን ባለቤቶቹን ጠርተው ሳይለኩ አይስፉ፤ ደብተሩ ላይ ያለው ልክ የተወሰደው ከወራት በፊት ነው፣ ከዚያ ወዲህ የወፈረች፣ የከሳች፣ ያረገዘችም ትኖራለች። ማስያዣው ክር የሚነቀለው ዋናው ስፌት ካለቀ በኋላ መሆኑን ያውቃሉ፤ መልካም አድርገዋል። ሦስተኛው፣ የተቆረጠ ብቻ የሆነው ጨርቅ ነው። እዚህ ላይ ከእርስዎ እለያለሁ። ሰፊ ሲቆርጥ የስፌቱን ትርፍ፣ የደረቱን እጥፋት፣ የገበሩን ቦታ በራሱ ጭንቅላት ይዞ ነው፤ በጨርቁ ላይ የተሰመረው ከዚያ ጥቂቱ ነው። የሌላ ሰው ቁርጥ መስፋት የደንበኛን ጨርቅ ሊያበላሽ ይችላል፤ ያኔ ዕዳ ከፈልኩ ሲሉ አዲስ ዕዳ በውርሱ ላይ ይጨምራሉ። ለባለቤቶቹ ሁኔታውን ነግረው፣ የፈለገች ጨርቋንና ቀብዷን ትውሰድ፤ እርስዎ እንዲሰፉላት የፈቀደች ግን በደብተሩ ላይ ትፈርም።

ከርክክቡ የሚገኘው ቀሪ ሂሳብ የውርሱ ገንዘብ ስለሆነ ደረሰኝ እየቆረጡ ለብቻው ያስቀምጡት። ስለ ድካምዎ ክፍያ የሚፈልጉ ከሆነ አሁኑኑ ይናገሩ፤ የማይፈልጉም ከሆነ ያንኑ ይጻፉት። ጥቁሩን መኪና ደግሞ ሥራ ሳይፈታ ያቆዩት። የቆመ መኪና ዘይቱ ይደርቃል፣ ቺንጋውም ይላላል።

መርሳ

እኔ በሌላ ውርስ ላይ ወራሽ ነበርኩ፤ አጣሪው የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ። እኚያ ሰው አንድ ሳንቲም እንዳልነኩ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ምንም ስለማይነግሩን ቤታችን በጥርጣሬ ታመሰ። ጠበቃው የጻፉት ዝርዝር ለፍርድ ቤት ብቻ አይምሰልዎ። ለልጅቱ አንድ ቅጂ ይስጧት፤ በየጊዜው የተጨመረውንና የተቀነሰውንም ያሳዩአት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እኛ አካባቢ ሰነዱ የጠፋበት ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ ቅጂው ከአንድ ቤት በላይ ቢቀመጥ ይበጃል።

የልኬት ደብተር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተባለውን አንብቤ ከልጇና ከወንድሟ ጋር ተቀምጠናል። ቃሉ እንደመከሩት ሁለቱንም መንገድ ያለ አድልዎ አስረዳኋቸው። ወንድሟ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ከኢማሙ ጋር ሳልመክር አልመልስም» አለ፤ እኔም ጊዜ እንዲወስድ ነገርኩት። የመኪናው ነገር ግን ወዲያው ነው የተቋጨው። ሁለቱም፣ የቃል ኑዛዜው ምስክር የሆነችው ጎረቤት ባለችበት፣ በየትኛውም ፍርድ ቤት ቢካፈሉ መኪናው ለሠራተኛዋ እንዲሰጥ የተስማሙበትን ጽሑፍ ፈርመዋል።

ዝርዝሩን በሦስት ክፍል ሠርተነዋል፤ የእሷ ንብረት፣ የደንበኞች ጨርቅ፣ እና ቀብድ። ስለ ድካሜ ክፍያ እንደማልቀበል በግልጽ ጽፌአለሁ፤ ይህን ያደረግኩት ለታይታ ሳይሆን ያ ሥራ የሰጠኝን ዕረፍት በገንዘብ ልተምነው ስለማልችል ነው። ቦሩ ሜዳ ስለ ተቆረጡት ጨርቆች የተናገሩትን መጀመሪያ ልቤ አልተቀበለውም ነበር፤ እሷ የቆረጠችውን መመለስ እሷን መመለስ መስሎ ተሰማኝ። ነገር ግን አንዱን ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳየው የጀርባውን እጥፋት በየት በኩል ልታስገባው እንዳሰበች መለየት አልቻልኩም። የሰው ጨርቅ ነው፤ በግምት አይሰፋም። ባለቤቶቹን እየጠራሁ ነው፤ ጥቂቶቹ ወስደዋል፣ አብዛኞቹ ግን ስፊልን ብለው ፈርመዋል።

አሁን ሁለት ነገር ቀርቶኛል። እቁቡ ገና አልወጣላትም፤ ዕጣው እስኪደርስ መክፈል አለብኝ ወይስ የከፈለችው ይመለሳል? ሁለተኛ፣ ልብሶቹን ሲቀበሉ አዲስ ትዕዛዝ የሚሰጡኝ ሴቶች አሉ፤ ሱቁ እንዳይዘጋ ብዬ ልቀበላቸው እችላለሁን?

ጦሳ ሥር

አዲስ ትዕዛዝ አይቀበሉ። ንግድ ፈቃዱ በሟች ስም ነው፤ የእርስዎ ሥልጣን የነበረውን ማጣራት እንጂ ንግዱን ማስቀጠል አይደለም። ሱቁ እንዲቀጥል የምትፈልገው ልጅቱ ወይም ሠራተኛዋ ከሆነች በራሷ ስም ፈቃድ ታውጣ። የግብሩንም ነገር አይርሱ። ያልተከፈለ ካለ እሱም ከሟች ዕዳ ይቆጠራል፣ ፈቃዱንም ያለ ግብር ማጣሪያ መመለስ ያስቸግራል።

እቁቡን በተመለከተ፣ የከፈሉት ገንዘብ የውርሱ ሀብት ነው፤ ዕጣው ወጥቶላቸው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ቀሪው ክፍያ ዕዳ ይሆን ነበር። የእቁቡን ዳኛና ጸሐፊ ያነጋግሩ፤ መተዳደሪያ ደንብ ካላቸው ደንቡ ምን እንደሚል ይጠይቁ፤ እስከ ዛሬ የተከፈለውን መጠን የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ይቀበሉ። ልጅቱ በእናቷ ቦታ ልትቀጥል ከፈለገችና አባላቱ ከተስማሙ ይህም ይቻላል፤ ነገር ግን የእናቷ ክፍያና የእሷ ክፍያ በጽሑፍ ይለያይ። አጎቷ በሸሪዓው ለመሄድ ቢወስንና እሷም ብትስማማ ድርሻው የሚሰላው ከእናቷ ክፍያ ላይ ብቻ ነውና።

በቅርቡ ሟቿ የነበሩበት መሥሪያ ቤት ወይም ማኅበር ለቤተሰብ የሚከፍለው የጡረታ ወይም የካሣ ገንዘብ ካለ ደግሞ ከውርሱ ጋር አይቀላቅሉት። ሕጉ በሞት ምክንያት ለትዳር ጓደኛ ወይም ለዘመዶች የሚከፈል ጡረታና ካሣ የውርሱ ክፍል አይደለም ይላል።

ሐይቅ ዳር

ስለ ቁርጥራጩ ማንም አልጻፈም። ሰፊ ሱቅ ውስጥ በጆንያ የሚጠራቀም ቁርጥራጭ ጨርቅ ይኖራል፤ በዝርዝሩ ላይ ዋጋ የለውም ተብሎ እንዳይጣል። የብዙ ዓመት ደንበኞች ልብስ ትርፍ ነው። ልጅቱ ከፈቀደች እሱን ገጣጥመው ለእሷ አንድ የአልጋ ልብስ ይስፉላት፤ እጅዎ ባዶ እንዳይቀር ያልኩት ለዚህ ጭምር ነው።

የልኬት ደብተር

ጆንያው አለ፤ ሁለት ነው። በዝርዝሩ ላይ ለብቻው አስፍሬዋለሁ፤ ልጅቱም በደስታ ፈቅዳለች። ጡረታ የሚከፈላት መሥሪያ ቤት አልነበራትም። የእቁቡ ዳኛ ነገ ከሥራ በኋላ ቀጥረውኛል፤ ደንቡንና የክፍያ መዝገቡን አሳይተውኝ ወረቀቱን ከፈረሙልኝ በኋላ የተባለውን እዚሁ እጽፋለሁ። አረንጓዴውን ቀሚስ ባለቤቷ ለብሳ ለካችው፤ ሁለቱም እጅጌዎች እኩል ወርደዋል፣ ቀሪ ሂሳቧንም ከፍላ ደረሰኝ ወስዳለች።